አለ ፈለገ ሰላም፦ የሠዓሊነትና የአስተዳዳሪነት ፈለግ

የአንድ አገር የኪነ ጥበብ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ብዕር ዘወትር የሚያዘነብለው ወደ ሸራው፣ ወደ ሐውልቱ፣ ወደ ግጥሙና ወደ መድረኩ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ዘመን ተሻግሮ ለትውልድ የሚታየው ሥራው ነውና። ይሁን እንጂ ሸራው ከመወጠሩ በፊት ሸራ የሚወጠርበት ክፍል መኖር ይኖርበታል። ክፍሉም ከመከፈቱ በፊት በጀት የሚጠይቅ፣ አስተማሪ የሚፈልግ፣ ደንብ የሚያወጣ፣ ወጣቱን ከወላጁ ጥርጣሬ አላቆ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ ሰው ስም በሥዕሉ ጥግ ተጽፎ አይገኝም። አሻራው ያለው በሌሎች እጅ ውስጥ ነው። የሌሎችን እጅ አሻራ ማንበብ ደግሞ ለታሪክ ጸሐፊ ከባድ ሥራ ስለሆነ፣ አስተዳዳሪው ብዙውን ጊዜ በምረቃ መጽሔት ላይ አንድ ፎቶግራፍ፣ በግድግዳ ላይ አንድ የስም ጽላት ሆኖ ይቀራል።

የሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ታሪክ ይህንን ልማድ እንደገና እንዲመረመር የሚያስገድድ ነው። አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያው ዲሬክተር ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አብዮቱ እስከፈነዳበት ዘመን ድረስ መርተውታል። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ የራሳቸውን ስም ይዞ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ዘመን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘውድ ወድቋል፤ ወታደራዊ መንግሥት መጥቶ አልፏል፤ ሌላ ሥርዓት ተተክቷል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ግን በሩን አልዘጋም። ለምን አልዘጋም? ይህ ጽሑፍ መልስ የሚፈልግለት ጥያቄ ይኸው ነው።

ከትምህርት ቤቱ በፊት

በኢትዮጵያ የሥዕል ትምህርት ከ1950 ዓ.ም. በፊት አልነበረም ማለት ታሪክን መካድ ይሆናል። ትምህርቱ ነበረ፤ ነገር ግን መምህሩ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የደብተራው ጎጆ እንጂ የራሱ ትምህርት ቤት አልነበረውም። ደቀ መዝሙሩ ቀለም ሲፈጭ፣ ሙጫ ሲያፈላ፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጨርቅ ሲያዘጋጅ፣ የመምህሩን ንድፍ እየተከተለ ልብስና ጌጥ ሲቀባ ቆይቶ፣ እጁ ሲረጋ ፊት የመሣል ፈቃድ ያገኝ ነበር። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ እንዲመለከት፣ ኃጢአተኛውና ከሐዲው ግን በአንድ ዓይን፣ በጎን እንዲታይ የሚያዘው ሕግ በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ ከእጅ የተላለፈ ነበር። ይህ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት የአገሪቱን አብያተ ክርስቲያናት በቀለም ሞልቷል። ድክመቱም ጥንካሬውም ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነበር፤ መምህሩ ሲሞት ትምህርት ቤቱም አብሮ ይሞታል።

ይኸው ዕጣ በዘመናዊው የሥዕል ትምህርት ላይም ደርሷል። በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተከታትሎ ከጠላት ወረራ በፊት ወደ አገሩ የተመለሰው ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ፣ ከነጻነት በኋላ ለወጣቶች የሥዕል ትምህርት የሚሰጥበትን መንገድ ለመክፈት ደክሟል። ሙከራው ግን ከእሱ ዕድሜ አላለፈም። ጥረቱ የአንድ ሰው ተሰጥኦ ላይ የቆመ ስለነበር፣ ሰውየው ሲያልፍ የሚይዘው ምሰሶ አልነበረም። አገኘሁ እንግዳ ታላቅ ሠዓሊ ነበር፤ ታላቅ ሠዓሊ መሆን ግን ተቋም ለመትከል በራሱ በቂ እንዳልሆነ የእሱ ታሪክ ያስረዳል።

ከዚህም ሌላ መዘንጋት የሌለበት ማኅበራዊ እንቅፋት ነበር። በእጁ የሚሠራ ሰው ሁሉ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ»፣ «ጠይብ» እየተባለ በሚናቅበት ኅብረተሰብ ውስጥ፣ ልጁን ቀለም እንዲያቦካና ጭቃ እንዲያድቦለቡል ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስላዩ ነው። የተማረ ልጅ ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ ሹም ይሆናል ተብሎ በሚጠበቅበት ዘመን «ሥዕል ደግሞ ምን ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከየቤቱ ይሰማ ነበር። አዲስ የሚቋቋም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተግባሩ ንድፍ ማስተማር ብቻ አልነበረም፤ ሠዓሊነት የሙሉ ሰው ሙያ መሆኑን ማሳመንም ነበረበት።

ከሰላሌ እስከ ቺካጎ፣ ከቺካጎ እስከ አዲስ አበባ

አለ ፈለገ ሰላም በሰላሌ፣ በፍቼ ተወለዱ። የሥዕል ሙያ ለቤተሰባቸው እንግዳ አልነበረም፤ አጎታቸው እማዕላፍ ኅሩይ በዘመናቸው ከታወቁት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አንዱ ነበሩ። ስለዚህ ወጣቱ አለ ወደ ውጭ አገር ከመሄዳቸው በፊት የቀለምን ጠረን፣ የቤተ መቅደስን ግድግዳ፣ የቅዱሳንን ፊት አሣሣል ያውቁ ነበር። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተቋም ትምህርታቸውን ከተከታተሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 ተመረቁ።

ቺካጎ የሰጠቻቸው ትምህርት ከሰላሌው በእጅጉ የተለየ ነበር። በዚያ ሰው የሚሣለው ሕይወት ያለው ሰው ከፊት ተቀምጦ፣ አጥንትና ጡንቻው ተጠንቶ፣ ብርሃንና ጥላው ተለክቶ ነው። ርቀት በመስመር ይሰላል፤ ቀለም በሕግ ይዋሐዳል። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ያዩት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ሥነ ጥበብ በአንድ መምህር ጎጆ ሳይሆን በተቋም ውስጥ፣ በክፍል ተከፍሎ፣ በዓመት ተመድቦ፣ መምህር በመምህር እየተተካ የሚሰጥ ትምህርት መሆኑን ነው። አንድ መምህር ቢታመም ትምህርቱ አይቋረጥም፤ አንድ ዲሬክተር ቢለወጥ በሩ አይዘጋም። ብዙዎች ከውጭ አገር ይዘው የተመለሱት ዲፕሎማ ነው። አለ ፈለገ ሰላም ከዲፕሎማው ጋር ይህንን ሐሳብ ይዘው መጡ።

ወደ አገር እንደተመለሱ ቀላሉና ትርፋማው መንገድ በፊታቸው የተዘረጋ ነበር። ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱ፣ አድባራቱ፣ አዳዲስ የመንግሥት ሕንጻዎች ሠዓሊ ይፈልጉ ነበር። ውጭ ተምሮ ለመጣ ባለሙያ ሥራም ክብርም አይጠፋም። እሳቸው ግን በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ሆነው ወጣቶችን ሰብስበው ማስተማርን መረጡ። ሕንጻ ሳይኖር ተማሪ ተሰበሰበ፤ የተማሪዎቹም ሥራ ለእይታ ቀርቦ የትምህርት ቤቱን አስፈላጊነት ለባለሥልጣናቱ መሰከረ። በመጨረሻም ትምህርት ቤቱ በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቆ በይፋ ተከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአለ ፈለገ ሰላም ሕይወት ለሁለት ተከፈለ። በአንድ እጃቸው ብሩሽ፣ በሌላው የዲሬክተር ብዕር ያዙ።

የትምህርት ቤቱ አሠራር

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የሥነ ሥዕል፣ የቅርጻ ቅርጽና የኅትመት ጥበብ ትምህርቶችን በአንድ ጣራ ሥር አሰባሰበ። የሁሉም መሠረት ንድፍ ነበር። ተማሪው በከሰልና በእርሳስ ማሰሮን፣ ጨርቅን፣ የሰውን እጅና እግር፣ ፊትንና መላ አካልን ደጋግሞ ይነድፋል። ዓይኑ ያየውን እጁ ሳይዋሽ እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቀለም አይቸኩልም። ይህ ሥርዓት ለብዙ ወጣቶች አሰልቺ መስሎ ታይቶ ይሆናል። ነገር ግን በኋላ ከእውነተኛው ቅርጽ ርቀው የሄዱት ሠዓሊዎች ሳይቀሩ ሥራቸው ሲመረመር ከሥሩ ያ የንድፍ ሥልጠና ይገኛል። ቅርጽን አፍርሶ ለመሥራት በመጀመሪያ ቅርጽን ማወቅ ግድ ነው።

የኅትመት ጥበብ በተለይ ሊወሳ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ድረስ በእንጨት ቅርጽ ኅትመት ዝናው የታወቀው ጀርመን ተወላጅ ሠዓሊ ሐንሰን ባሂያ በትምህርት ቤቱ አስተምሯል። የእንጨት ኅትመት ለድሃ አገር የሚስማማ ጥበብ ነው። አንድ ጣውላ፣ አንድ ስለታም መሮ፣ ጥቂት ጥቁር ቀለምና ወረቀት ካለ አንዱ ሥዕል መቶ ይሆናል። በአንድ ባለጠጋ ሳሎን ውስጥ ከመንጠልጠል ይልቅ ወደ ብዙ ሰው እጅ ይደርሳል። ከሐንሰን ባሂያ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ዘሪሁን የትምጌታ ይህንን የእንጨት ትምህርት ይዞ ተነሥቶ፣ ውሎ አድሮ በቀርከሃ ስንጥር ላይ የሚሥልበትን የራሱን መንገድ ፈጥሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢትም ተሸላሚ ሆኗል።

በሴቶች በኩልም በሩ አልተዘጋም። ደስታ ሐጎስ ከትምህርት ቤቱ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴት ሠዓሊዎች መካከል የምትቆጠር ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሷን የሥዕል ትርኢት አቅርባለች። ወንዱ እንኳ ሠዓሊ ልሁን ሲል ቤተሰቡ በሚያዝንበት ዘመን አንዲት ወጣት ሴት ሥራዋን በአደባባይ ማሳየቷ የእሷ ድፍረት ውጤት ነው። ድፍረቷ መሬት የያዘበት ክፍል ግን በአስተዳዳሪው ፈቃድ የተከፈተ ነበር።

የማይመስሉትን መቅጠር

የአለ ፈለገ ሰላም አስተዳደር እውነተኛ ፈተና የመጣው ከበጀት ወይም ከሕንጻ አልነበረም፤ ከሥነ ጥበብ ከራሱ ነበር።

እሳቸው በሥራቸው የእውነታዊ አሣሣል ሰው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን በቺካጎ በተማሩት የአካልና የብርሃን ዕውቀት አድሰው የሚሠሩ፣ ሥዕል በተመልካች ዘንድ መታወቅ አለበት ብለው የሚያምኑ ነበሩ ቢባል ሥራዎቻቸው ይመሰክራሉ። በ1950ዎቹ ግን ከአውሮፓ የተመለሱ ሁለት ወጣቶች በተከታታይ ወደ ትምህርት ቤታቸው ገቡ።

የመጀመሪያው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበር። በሐረር የተወለደው፣ የብራና ሠዓሊ ልጅ የሆነው ገብረ ክርስቶስ በጀርመን በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ሲመለስ፣ ይዞት የመጣው ሥዕል ለአዲስ አበባ ተመልካች ፍጹም እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው ትርኢት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ክቡ፣ መስመሩ፣ የቀለሙ ግጭት «ይህ ምንድን ነው? ምን ይመስላል?» የሚል ጥያቄ አጫረ። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ስለነበር፣ ቃልን ከተለመደው ቦታው እንደሚያነሣ ሁሉ ቀለምንም ከተለመደው ቅርጽ ያላቅቅ ነበር። ይህ ሰው በአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመታት አስተማሪ ሆነ።

ሁለተኛው እስክንድር ቦጎስያን ነበር። በአዲስ አበባ ተወልዶ በለንደንና በፓሪስ ዓመታትን ያሳለፈው እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመለስ፣ ሥራዎቹ በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች መግባት ጀምረው ነበር። የእስክንድር ሥዕል ከገብረ ክርስቶስም የተለየ ነበር። የአፍሪካን ተረትና ሕልም፣ የወፍና የአውሬ መንፈስ፣ የኢትዮጵያን የክታብ ዓይኖችና ጠልሰሞች በአንድ የሌሊት ሰማይ ላይ የሚያበር ነበር። እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ድረስ ባስተማረባቸው ጥቂት ዓመታት በተማሪዎቹ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከዓመታቱ ቁጥር ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

እንግዲህ የአስተዳዳሪውን ቦታ ማሰብ ይገባል። አንድ ዲሬክተር የራሱን ዓይነት አሣሣል የሚከተሉትን ብቻ ቢቀጥር ማንም አይከሰውም፤ እንዲያውም «የትምህርት ቤቱን ሥርዓት ጠበቀ» ተብሎ ይመሰገናል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ትንንሽ አምሳሎቹ ይፈለፈላሉ፤ እሱም እንደ አባት ይከበራል። አለ ፈለገ ሰላም ይህንን ቀላል ክብር አልመረጡም። የራሳቸውን እምነት በሥራው የሚሞግት አስተማሪ በራሳቸው ጣራ ሥር፣ ለራሳቸው ተማሪዎች እንዲያስተምር በሩን ከፈቱ። ተማሪው በአንድ ክፍል የሰውን ጡንቻ በጥንቃቄ ሲነድፍ ውሎ፣ በሌላው ክፍል ቅርጽ ሁሉ ሲቀልጥ ያያል። በሁለቱ መካከል ራሱ መምረጥ ነበረበት። ያ ምርጫ ነው ሠዓሊ ያደረገው።

ከዚህ ላይ አስተማሪነትና አስተዳዳሪነት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረው መልካም ባሕርይ ይታያል። አስተማሪ ያወቀውን ይሰጣል። አስተዳዳሪ ግን የማያውቀው ነገር እንኳ እንዲሰጥ ቦታ ያዘጋጃል። መካሪ የሚባለው ሰው ሁለቱን ያጣመረ ነው።

ትችትና ምላሹ

የትምህርት ቤቱ ታሪክ በምስጋና ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ሁለት ብርቱ ትችቶች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ ትምህርት ቤቱ የምዕራቡን የአካዳሚ ሥርዓት ወስዶ ሲተክል የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊውን ከደጅ አስቀርቷል የሚል ነው። በእርግጥ ቄሱና ደብተራው በዕድሜ ልክ የተማሩት ጥበብ በዘመናዊው ክፍል ውስጥ እኩል ወንበር አላገኘም። ቀለም ከአፈርና ከቅጠል የማውጣት፣ ብራና የማዘጋጀት፣ ፊትን በሁለት መስመር የማቆም ዕውቀት የዲፕሎማ ትምህርት ሳይሆን ቀርቷል። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ መሥራቹ ራሳቸው ከዚያ ባህል የተገኙ በመሆናቸው ጉድለቱን ይበልጥ የሚያስቆጭ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ታሪክ ባልተጠበቀ በር ይገባል። የተባረረ የመሰለው ክታብና ጠልሰም ወደ ትምህርት ቤቱ የተመለሰው ከፓሪስ በመጣው በእስክንድር ሥራ በኩል ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ከትምህርት ቤቱ የወጣው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የግዕዝን ፊደል የሥዕሉ አካልና መንፈስ አድርጎታል። የዘሪሁን ቀርከሃም ከሸማኔው መሣሪያ የተወለደ ነው። አካዳሚው ባህሉን አላስተማረም ይሆናል፤ ነገር ግን ባህሉን መልሶ የሚያይ ዓይን ያላቸውን ወጣቶች አፍርቷል።

ሁለተኛው ትችት፣ ትምህርት ቤቱ በዘውዱ ፈቃድ የተከፈተ በመሆኑ ለሥርዓቱ ጌጥ ሆኖ አገልግሏል የሚል ነው። ንጉሣዊው መንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍት የዘመናዊነቱን ምስክር መፈለጉ አይካድም። ነገር ግን ተቋም አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ የሚያፈራው ሁሉ በተካዩ ፈቃድ ብቻ አይመዘንም። የወሎ ረሃብ ሕዝቡን በፈጀበት ወቅት ከትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንዱ የነበረው እሸቱ ጥሩነህ በ1966 ዓ.ም. ገደማ የተራቡትን ወገኖች ጉዞ በሸራ ላይ አወጣ። አጥንታቸው የገጠጠ፣ ጨርቃቸው የነተበ ሰዎች በአንድነት ሲሄዱ የሚታዩበት ያ ሥዕል የዘመኑ ምስክር ሆኖ ቆይቷል። የሰውን አካል በትክክል መንደፍ የሚያስተምረው ያ አሰልቺ የከሰል ልምምድ የተራበን ሰው አካል በእውነት ለማሳየት ዋለ። በንጉሡ የተመረቀው ትምህርት ቤት ንጉሡ ሊያዩት ያልፈለጉትን እውነት የሚሥል እጅ አሠለጠነ። ሥነ ጥበብን በሚገባ ያስተማረ ተቋም መጨረሻው ይህ ነው፤ ለማንም ብቻ አያገለግልም።

ከመሥራቹ በኋላ

አብዮቱ ሲመጣ የትምህርት ቤቱ አመራር ተለወጠ። ከእሳቸው ቀጥሎ ኃላፊነቱን የተረከበው በሐረር የተወለደውና በጀርመን የተማረው ሠዓሊ አብዱራህማን ሸሪፍ ነበር። ዘመኑ ከሥነ ጥበብ የሚጠይቀው ሌላ ነበር፤ የግድግዳ ሥዕል፣ የአደባባይ ምስል፣ የመፈክር ሰሌዳ። ብዙ ወጣቶች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዱ። የገብረ ክርስቶስ ተማሪ የነበረው ታደሰ መስፍን በሌኒንግራድ በሬፒን አካዳሚ ተምሮ ተመልሶ በዚያው በተማረበት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተማረ። ገብረ ክርስቶስ ራሱ ግን አገሩን ለቅቆ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ በስደት ሞተ። እስክንድርም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1972 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ሲያስተምር ቆይቶ በ2003 እ.ኤ.አ. በዚያው በአሜሪካ አረፈ። ወሰኔን የመሰሉ የአዲስ አበባ ተማሪዎች በሃዋርድ እንደገና በእስክንድር ሥር መሰብሰባቸው፣ በአዲስ አበባ የተጀመረው የመምህርና የተማሪ ሰንሰለት ውቅያኖስ ተሻግሮም እንዳልተበጠሰ ያሳያል።

ይህ ሁሉ መሥራቹ በሌሉበት ሆነ። አንድን ተቋም የሚመዝነው መሥራቹ በወንበሩ ላይ የተቀመጠበት ዘመን ሳይሆን ከተነሣ በኋላ ያለው ነው። የደቀ መዝሙሩ ጎጆ ከመምህሩ ጋር ሞተ፤ የአገኘሁ እንግዳ ሙከራ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ። የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ግን መሥራቹ ወጥተው፣ ሁለቱ ታላላቅ አስተማሪዎች ተሰደው፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ርዕዮተ ዓለም ተገልብጦ በየዓመቱ ንድፍ የሚጀምሩ አዳዲስ ወጣቶችን መቀበሉን ቀጠለ። በመግቢያው የተጠየቀው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ በሩን ያልዘጋው በአንድ ሰው ላይ ስላልቆመ ነው፤ በአንድ ሰው ላይ ያልቆመው ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ራሱን ብቸኛ ምሰሶ ስላላደረገ ነው።

እሳቸውም የቤተ ክርስቲያን ሥዕላቸውን አልተዉም። ከዲሬክተርነት በኋላም ብሩሻቸው ወደ ጀመረበት ወደ ቅዱሳን ፊት ተመለሰ። ሆኖም ለአስተዳደር የሰጡት ዘመን ሠዓሊ ጉልበቱ በሚበረታበት ዕድሜ ላይ የዋለ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ያልተሣሉ ሸራዎች አሉ። የስብሰባ ሰዓት የበላቸው፣ የደብዳቤ ምላሽ የወሰዳቸው፣ የተማሪ ችግር ያዘገያቸው ሸራዎች ናቸው። ቅርሳቸው ሲሰላ እነዚያም ሊቆጠሩ ይገባል፤ የተከፈለው ዋጋ እነሱ ናቸውና።

ሦስት ስሞች

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በ1992 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሆነው ነገር እንደ ተውኔት ፍጻሜ የሚቆጠር ነው። ትምህርት ቤቱ መሥራቹ በሕይወት ሳሉ «አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት» ተባለ። ትምህርት ቤቱን በውስጡ ያቀፈው የትወናና የእይታ ጥበባት ኮሌጅ ደግሞ የእስክንድር ቦጎስያንን ስም ይዞ ተቋቋመ። በጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች ወደ አገር ሲመለሱም፣ በስድስት ኪሎ በሦስተኛው ሺህ ዓመት መባቻ የተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በገብረ ክርስቶስ ስም ተሰየመ።

ሦስቱ ስሞች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱ በአሜሪካ ምድር ያረፉ፣ አንዱ በአገሩ ቆይተው የሁለቱን ክብር ያዩ ናቸው። ተራ አስተዳዳሪ ይህንን ቅደም ተከተል ቢያይ ቅር ሊለው ይችላል፤ አስተማሪ አድርጎ ያስገባው ሰው ስም ከእሱ ስም በላይ በበሩ ላይ ተጽፏልና። እውነተኛ መካሪ ግን ሥራው የተጠናቀቀው ያኔ መሆኑን ያውቃል። አባት ልጁ በቁመት ሲበልጠው በደጃፉ ቆሞ ደስ ይለዋል እንጂ ጣራውን ዝቅ አያደርግም።

ዛሬ በየክፍለ ሀገሩ የሥነ ጥበብ ክፍሎች ይከፈታሉ፤ የባህል ማእከሎች ይቋቋማሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም ኃላፊ ይሾማል። ኃላፊው ሠዓሊ ወይም ባለቅኔ፣ ተዋናይ ወይም ሙዚቀኛ ሊሆን ይችላል። በጠረጴዛው ላይ የሚደረደረው ወረቀት የራሱን ሥራ እንደሚበላበት ያውቃል፤ ያዝናል፤ አንዳንዴም ይቆጣል። ያ ሐዘን እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ወረቀቱ ተፈርሞ ሲወጣ አንድ ክፍል ይከፈት እንደሆነ፣ በክፍሉም ውስጥ እሱን የማይመስል አስተማሪ ይገባ እንደሆነ፣ ከአስተማሪውም ሥር ሁለቱንም የማይመስል ወጣት ይወጣ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። መልሱ አዎን ከሆነ ያ ፊርማ ከሥዕል አያንስም።

የአለ ፈለገ ሰላም ፈለግ ይኸው ነው። በሸራ ጥግ ላይ የተጻፈው ስማቸው ጥቂት ቢሆንም፣ በትውልድ እጅ ውስጥ የተጻፈው ብዙ ነው። በእያንዳንዱ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ አንድ ወጣት ከሰል አንሥቶ በነጭ ወረቀት ላይ የመጀመሪያውን መስመር ሲያሰምር፣ ያ መስመር የሚያርፈው ከመቀመጫው በፊት በተዘጋጀለት ቦታ ላይ ነው። ቦታውን ያዘጋጀው እጅ አይታይም። መስመሩ ግን ይታያል።